10ኛ ክፍል ላይ በአምስት ነጥብ የወደቀች ልጅ 12ኛ ላይ ዲፕሎማ ትከልከል?

የሦስት_ልጆች_አባት

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ነው። ትልቋ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት። እዚህ የክፍለ ሀገሩን የማንበብና የመጻፍ ፈተና ያላለፈ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አያገኝም። 30 ክሬዲቱን ሞልተህ፣ 40 ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራህን ጨርሰህ ይቺ ብቻ ከጎደለችህ ዲፕሎማ የለም። ልጆቹ «ሊትረሲ ቴስት» ነው የሚሏት።

ባለፈው ሳምንት ውጤት መጣ። ማለፊያው 300 ነው። የልጄ 295።

አምስት ነጥብ! በእንግሊዝኛ ትምህርቷ 74 ያመጣች ልጅ ናት። መጽሐፍ ከያዘች እራት የምትረሳ። ውጤቱን አይታ ምንም አላለችም፣ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ማታ ላይ ገብቼ ሳያት ስልኳን እንኳ አልነካችም፣ ተጋድማ ጣሪያ ታያለች። «አባዬ፣ እኔ ማንበብ አልችልም ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ባለቤቴ «ፈተና ፈተና ነው፣ ታጥናና ትለፍ» ባይ ናት። እኔ ግን ንድድ ብሎኛል። አሥር ዓመት ያስተማሯት መምህራን የሰጡትን ማርክ አንድ ጠዋት የሚሽረው በምን ሒሳብ ነው?

ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። አሁን ምን ላድርግ? ደግሞስ እንዲህ ያለ ፈተና የምረቃ ግዴታ መሆኑ ልክ ነው ትላላችሁ?

ቀይ_እስክሪብቶ

ወንድሜ፣ አይዞህ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ መምህር ነኝ። ብዙ 295 በእጄ አልፏል።

መጀመሪያ ልጅቷን አረጋጋት። ማንበብ አልችልም ወይ ላለችህ መልሱ «ትችያለሽ» ነው። ፈተናው 10ኛ ክፍል ላይ የተደረገውም ለዚሁ ነው፤ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ደግማ ትፈተናለች። ያም ባይሳካ ፈተናውን የሚተካ ኮርስ አለ። እንደማንኛውም ትምህርት አንድ ክሬዲት ይቆጠርለታል፣ እሱን ካለፈች የምረቃው ግዴታ ተሟላ ማለት ነው። ዲፕሎማዋ ላይ «በኮርስ ያለፈች» ተብሎ አይጻፍባትም።

አንተ ሰኞ ትምህርት ቤት ሂድና አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ነጥቡን ያጣችው ማንበቡ ላይ ነው ወይስ መጻፉ ላይ? ብዙ ወላጅ ይሄን ሳይጠይቅ ልጁን በመለማመጃ ጥያቄ ያጨናንቃታል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ላይ... እኔ ፈተናውን እደግፋለሁ። የምደግፈው ግን ከጀርባው ኮርሱ ስላለ ነው። ያ ኮርስ ቢነሳ በማግስቱ ተቃዋሚ እሆናለሁ።

ጠጣሩ

እኔ ኮርስ ኖረ አልኖረ እደግፋለሁ። ቅር አይበላችሁ።

የዕቃ ማከማቻ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። አንድ ቀን አዲስ ልጅ መጣልኝ። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ፣ ጨዋ፣ ታታሪ። የጽዳት ኬሚካሎች አያያዝ የተጻፈበት አንድ ገጽ ሰጠሁትና አንብበህ ፈርም አልኩት። ጣቱን ከመስመር መስመር እየነዳ አነበበ። ራሱን ነቀነቀ። ፈረመ። ከዚያ ሄዶ ወረቀቱ በደማቅ ቀለም አይቀላቀሉም ያላቸውን ሁለቱን ባንድ ባልዲ ሊያደርግ ሲል ባልደረባዬ እጁን ያዘው።

ልጁ ፊደሉን ያውቀዋል። ቃሉን ይጠራዋል። ያነበበው ነገር ግን ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባም። በየዓመቱ ከክፍል ክፍል ሲያዛውሩት የነበሩት ሰዎች ይሄን አላዩም? አይተዋል። አዘኑለትና አሳለፉት። ያ እዝነት ዓይኑን ሊያስወጣው ነበር።

ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ አንድ የማያዝን ፈተና ያስፈልጋል።

ሚዛን

ጠጣሩ ያልከው ገብቶኛል። ግን የዚህች ልጅ ጉዳይ ያ አይደለም።

የሥራዬ ነገር ሆኖ ቁጥር ላይ ነው የምውለው። 295 እና 300 የሚለው ነገር ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የዚህ ፈተና ውጤት ከ200 እስከ 400 በሚሄድ ስኬል ነው የሚሰጠው። እንደ ማንኛውም ሚዛን ደግሞ ይዋዥቃል። ያቺው ልጅ፣ ያው ችሎታ፣ ሌላ ቀን ሌላ ምንባብ ቢሰጣት 305 ልታመጣ ትችላለች። በደንብ ተኝታ ካደረች፣ ምንባቡ የምታውቀው ነገር ላይ ከሆነ፣ አንዷን ምርጫ ገምታ ካገኘች። መካከል ላይ ላሉ ልጆች «አለፈች» እና «ወደቀች» የሚለው መስመር ግማሹ ዕድል ነው። 220 ያመጣ ልጅ ጋ ይሄ አይሠራም፤ እሱ በእርግጥ እርዳታ ይፈልጋል።

ይሄን ነገር ያጠኑ ሰዎች አሉ። ፔፔይ፣ መርኔን እና ዊሌት የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ 10ኛ ክፍል ላይ የሚሰጠውን የምረቃ ፈተና ለጥቂት ያለፉና ለጥቂት የወደቁ ተማሪዎችን አነጻጸሩ። በችሎታ መቼስ ያው ናቸው። ሒሳብ ላይ ለጥቂት ከወደቁት መካከል ደሃ የከተማ ልጆቹ የመመረቅ ዕድላቸው በ8 ፐርሰንት ነጥብ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ደጋግመው መፈተን እየቻሉ! መውደቁ ራሱ፣ «አትችልም» የሚለው ወረቀት ራሱ፣ አንዳንዱን ከመንገድ ያወጣዋል ማለት ነው።

ለእውነቱ ግን እዚያው ጥናት ላይ እንግሊዝኛው ተመሳሳይ ጉዳት አላሳየም። ለእኔ ወገን እንዲመች ቆርጬ አላቀርብም።

የማታ_ተማሪ

ከዚህ በፊት እያነበብኩ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ልጻፍ።

እኔ ይሄን ፈተና ወድቄያለሁ። ኦንታሪዮ ስመጣ 15 ዓመቴ ነበር። ያኔ ፈተናው በወረቀት ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ነው አሉ። አንዱ ጥያቄ መቼም አይረሳኝም። አንድ ፎቶና አንድ የዜና ርዕስ ይሰጡሽና የጋዜጣ ዜና ጻፊ ይሉሻል። ከታች ባዶ መስመር።

ፎቶው ላይ ልጆች ነበሩ፣ የሆነ ነገር ተሸክመው ይስቃሉ። እኔ ጋዜጣ አንብቤ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ በየትኛውም ቋንቋ ጋዜጣ አልነበረም። ድርሰት ጻፊ የተባልኩ ነው የመሰለኝ። «አንድ ቀን ማለዳ ከጓደኞቼ ጋር...» ብዬ ጀመርኩ። ገጹን ሞላሁት። ፀሐይዋን ገለጽኩ፣ የወፎቹን ድምፅ ሳይቀር። ደስ ብሎኝ ወጣሁ!

ወደቅኩ።

በኋላ ያንን ኮርስ ወሰድኩ። መምህሯ የመጀመሪያው ቀን ጋዜጣ አመጣችና አንድ ዜና በመቀስ ቆራረጠችው። አንዷን ዓረፍተ ነገር ለአንዱ፣ ሌላዋን ለሌላው ሰጠች። «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። የማንኛችሁ ቁራጭ ነው ይሄን የሚመልሰው?» አለች። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን አምስቱንም ልትመልስ ምንም አልቀራት። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ዜና ምን እንደሆነ ገባኝ። ማንም ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ነርስ ነኝ። ቀን ሙሉ የምጽፈው ማን፣ ምን፣ መቼ ነው።

እና እላለሁ፦ ፈተናው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም? እስካሁን አልቆረጥኩም። ያልተማርኩትን ጠየቀኝ። ባይጠይቀኝ ደግሞ ማንም አያስተምረኝም ነበር።

ጠጣሩ

እህቴ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን በፍሬም አድርጌ ልሰቅላት ነው።

ሚዛን

እኔ ደግሞ ከሷ በፊት ያለችውን፦ «ያልተማርኩትን ጠየቀኝ»።

የድሮ_መዝገብ

ያልተማሩትን መጠየቅ የሚለው ነገር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል እኮ። ለማታውቁት ላጫውታችሁ።

ፍሎሪዳ፣ እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ። ክፍለ ግዛቱ «የተግባር ማንበብና መጻፍ» ፈተና አወጣና ይሄን ያላለፈ ዲፕሎማ የለውም አለ። እ.ኤ.አ. 1977 የመጀመሪያው ዙር ተሰጠ። ከጥቁር ተማሪዎች 78 ከመቶ ወደቁ፣ ከነጮቹ 25 ከመቶ። ልጆቹ ትምህርት የጀመሩት ጥቁርና ነጭ ለየብቻ በሚማርበት ዘመን ነው። ለጥቁሮቹ የተሰጠው ትምህርት ቤት፣ መጽሐፍ፣ ሁሉ ነገር ያነሰ ነበር። ከዚያ 11ኛ ላይ ሲደርሱ «እኩል እንፈትናችሁ» ተባሉ።

ተማሪዎች ከሰሱ። ጉዳዩ ዴብራ ፒ እና ተርሊንግተን ይባላል። ይግባኝ ሰሚው እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ዲፕሎማ እንደ ንብረት ነው፣ ያለ ተገቢ ሥርዓት አትነጥቁትም። ሁለተኛ፣ ፈተናው የሚጠይቀው ነገር ክፍል ውስጥ በእርግጥ መሰጠቱን አሳዩ። እስከዚያው ለዓመታት ዲፕሎማ መከልከሉ ታገደ።

ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ ፈተና ክልክል ነው አላለም። በኋላ ክፍለ ግዛቱ ማስተማሩን አሳይቶ ፈተናው ጸንቷል። ያለው «አስተምራችሁ ጠይቁ» ነው።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከእ.ኤ.አ. 2006 ተመራቂዎች ጀምሮ የምረቃ ፈተና ግዴታ ሆነ። በ2015 አጋማሽ ላይ ፈተናውን ከሚያዘጋጀው ድርጅት ጋር የነበረው ውል አለቀና ቀጣዩ ዙር ተሰረዘ። ያቺን ፈተና ብቻ የቀራቸው፣ ዩኒቨርሲቲ የተቀበላቸው ልጆች ሳይቀሩ የሚፈተኑበት አጥተው መሃል ላይ ቀሩ። የምረቃ ግዴታ አለ፣ ፈተናው ግን የለም! በጥድፊያ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጭራሽ ፈተናው ታገደና ከ2004 ወዲህ ሌላውን ሁሉ አሟልተው በሱ ብቻ የቀሩ ሁሉ ዲፕሎማቸውን ይውሰዱ ተባለ። እስከ ዘጠኝ ዓመት ድረስ ሰው «አልተመረቅክም» ተብሎ ኖሮ አንድ ቀን ጠዋት «ለካ ተመርቀሃል» ተባለ።

ዝም_ብዬ_ነው

እኔ ዲፕሎማዬን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፣ እናንተ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ።

ቁም ነገር ለመጨመር ያህል፦ ኦንታሪዮም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 ፈተናውን ኦንላይን ልስጥ ብላ ስንቱ ሺህ ተማሪ ስክሪን ላይ ተቀምጦ ሲስተሙ ወደቀ። ሆን ተብሎ የተሰነዘረ የሳይበር ጥቃት ነው ተባለ። ተማሪው ሳይሆን ፈተናው የወደቀበት ብቸኛ ቀን።

የሦስት_ልጆች_አባት

ሳቅኩ። ከሰባት ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው፣ አመሰግናለሁ።

መምህር፣ ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። የልጄን ጉዳይ እነግራችኋለሁ።

እናት_ነኝ_በቃ

እኔ ከሌላ በር ልግባ። ልጄ ዲስሌክሲያ አለበት። ፊደል ይገለባበጥበታል፣ አንድ አንቀጽ ለማንበብ የሌላውን ሦስት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ሲነበብለት ግን እኔ ያላየሁትን ነገር ያወጣል።

ለሱ ፈተናው ላይ ማመቻቻ አለ። ተጨማሪ ጊዜ፣ ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌር። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ዘመድ ጠየቀኝ፦ «የማንበብ ፈተና ላይ ኮምፒውተር ካነበበለት ምኑን ተፈተነ?» ዝም አልኩ። እውነትም ምኑን ነው?

ቀይ_እስክሪብቶ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከባዱ ነው። እኔም ለዓመታት ታግዬበታለሁ።

መልሴ ይሄ ነው፦ ፈተናው «ማንበብ» በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገር አብሮ ይጠራል። አንዱ ዓይን ፊደሉን አይቶ ወደ ድምፅ መቀየሩ ነው። ሌላው ከተባለው ውስጥ ፍሬ ነገሩን ማውጣት፣ ያልተባለውን መገመት፣ ጸሐፊው ምን ሊያሳምነኝ ነው ብሎ መጠየቅ። 16 ዓመት ላይ መለካት የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ጠጣሩ የነገረን ልጅ የመጀመሪያው ነበረው፣ ሁለተኛው የለውም። ያንቺ ልጅ ሁለተኛው አለው። ኮምፒውተሩ የሚረዳው በመጀመሪያው ብቻ ነው፣ ማሰቡን አይሠራለትም።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ከሁሉም ጎበዝ አድማጭ። ድርሰቱን በቃሉ ነገረኝና እኔ በወረቀት ገለበጥኩለት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ክፍል ውስጥ ሳነበው ልጆቹ ማን እንደጻፈው ማመን አቃታቸው።

ዘመድሽን እንዲህ በዪው፦ መነጽር አድርጎ ያነበበ ሰው ምኑን አነበበ?

እናት_ነኝ_በቃ

እግዚአብሔር ይስጥልን መምህር። ይቺን ቃል በቃል ነው የምነግረው። አሁኑኑ እደውልለታለሁ።

ሚዛን

መምህር፣ በዚያው ልጠይቅዎት። ብዙ ዓመት አስተምረዋል። ማን ነበር የሚወድቀው? በስም ሳይሆን በዓይነት።

ቀይ_እስክሪብቶ

ይሄንን ስትጠይቀኝ ልቤን ነው የነካኸው።

በዓመት በዓመቱ የመጀመሪያ ተፈታኞች ውጤት ሲታይ ከአሥር ልጅ ስምንት ገደማ ያልፋል። ደህና ይመስላል። ሲከፈት ግን ሌላ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ 9ኛ ላይ ተማሪ «አካዳሚክ» (ንድፈ ሐሳብ የሚበዛበት) እና «አፕላይድ» (ተግባር የሚበዛበት) ተብሎ ይከፈል ነበር። አካዳሚክ ክፍል ካሉት ከአሥር ዘጠኝ ገደማ ያልፋል። አፕላይድ ካሉት ግማሽ ገደማ፣ አንዳንድ ዓመት ከግማሽም በታች። አፕላይድ ውስጥ ደግሞ ማን ነበር? የደሃ ልጅ፣ የጥቁር ልጅ፣ የልዩ ፍላጎት ልጅ ከቁጥሩ በላይ እዚያ ነበር።

እና እኔ የኮርሱ ክፍል ውስጥ ገብቼ ፊታቸውን ሳይ፣ 9ኛ ክፍል ላይ ማን ምን እንደተባለ ማወቅ አያስፈልገኝም ነበር። ክፍሉ ራሱ ይናገራል። ፈተናው እነሱን አልጣላቸውም። የተጣሉት ገና 9ኛ ላይ ነው፣ ፈተናው ያደረገው በቁጥር መጻፍ ብቻ ነው። ክፍፍሉ አሁን 9ኛ ላይ ቀርቷል፤ ከ2022 ጀምሮ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚማረው።

ለዚህ ነው ፈተናው ጭራሽ ይቅር የማልለው። ቁጥሩ ባይኖር ያን ሁሉ ዓመት «ልጆቹ ደህና ናቸው» ይባል ነበር።

የድሮ_መዝገብ

መምህር፣ እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቁጥሩን ለማግኘት ዲፕሎማውን መያዣ ማድረግ ግድ ነው? ብሪቲሽ ኮሎምቢያን ይዩ። 10ኛ እና 12ኛ ላይ የማንበብና መጻፍ ምዘና አለ፣ ለምረቃም ግዴታ ነው። ግዴታው ግን መፈተን ነው፣ ማለፍ አይደለም። ደረጃህ ከአራቱ አንዱ ሆኖ ይመዘገባል፣ ትመረቃለህ። ቁጥሩም አለ፣ ልጁም አልቀረም።

ጠጣሩ

መፈተን ብቻ ከሆነ ማን ያጠናል ወዳጄ? እኔ ብሆን ስሜን ጽፌ እተኛ ነበር።

የድሮ_መዝገብ

እውነት አለህ፣ የሚተኛ ይኖራል። ግን ግዴታ ሲሆንም የሚሆነውን እይ። ኒውዚላንድ ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብን በ2024 ለብሔራዊ ሰርተፍኬቷ ግዴታ አደረገች። ከዚያ በፊት በሞከረችው ጊዜ የመጻፉን ክፍል ያለፈው ሲሶ ገደማ ብቻ ነበር። ምን ታደርጋለህ? ሁለት ሦስተኛውን ልጅ ታስቀራለህ ወይስ መስመሩን ዝቅ ታደርጋለህ? የማያዝን ፈተና የምትለው ነገር እኮ በመጨረሻ የሚያዝን ሰው እጅ ነው የሚወድቀው። ማለፊያውን የሚቆርጠው ሰው ነዋ።

ማሳቹሴትስም በኅዳር 2024 ሕዝቡ በድምፅ ከ100 ወደ 59 ገደማ ሆኖ የፈተናውን የምረቃ ግዴታ አነሳ። ፈተናው አልቀረም። አሁንም ይሰጣል፣ ዲፕሎማ ግን አይከለክልም።

ጠጣሩ

እ... «ማለፊያውን የሚቆርጠው ሰው ነው» ላይ ያዝከኝ። ይሄን አስቤው አላውቅም። እኔ 300 ሲባል ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለኝ።

ግን ባልዲው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ለዚያ ልጅ የሆነ ሰው የሆነ ቀን «ቆይ፣ አልገባህም» ማለት ነበረበት። ፈተናም ይበለው፣ መምህርም ይበለው። ማንም አላለውም። በነገራችን ላይ ልጁ አሁንም አብሮኝ ነው የሚሠራው። መመሪያ ሲመጣ አብረን ነው የምናነበው፣ ከዚያ በራሱ አፍ መልሶ ይነግረኛል።

የማታ_ተማሪ

ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ኖሮ ማንም አይጣላህም ነበር እኮ 😄

የሦስት_ልጆች_አባት

መጣሁ።

ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህር እንዳሉት ጠየቅኩ። ምርጫ ጥያቄዎቹን በደንብ ሠርታለች። የወደቀችው መጻፉ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሙሉ ሳምንት «የማያነብ ልጅ» ያደረጓት መስሎኝ ስቃጠል ነበር።

ማታ መምህር በውስጥ መስመር የላኩልኝን ጥያቄ ሰጠኋት፦ «ተማሪ ክፍል ውስጥ ስልክ መያዝ አለበት ወይስ የለበትም? አስተያየትሽን በምክንያት ጻፊ»። አራት ደቂቃ አልፈጀባትም። አምስት መስመር። ባጭሩ «አይያዝ፣ ያዘናጋል፣ ትምህርት ይበላሻል» ነው። ቀጥ ያለ፣ ስህተት የሌለበት።

«ይሄው ነው?» አልኳት።

«ሌላ ምን ልበል?»

«ለምንድነው የሚያዘናጋው?»

«አባዬ፣ ሁሉም ያውቀዋል'ኮ!»

ቀይ_እስክሪብቶ

አገኘሃት! አምስት ነጥቧ ያለችው እዚያች «ሁሉም ያውቀዋል» ላይ ነው።

መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ እንዲህ ይሆናል፤ ብዙ አይቻለሁ። ብልህ ስለሆኑ የሚያነባቸውም ሰው ያው የሚያውቀው ይመስላቸዋል። አራሚው ግን አያውቃትም። ፊቷን አያያትም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። «ክፍል ውስጥ ስልክ ሲጮህ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያንን ቀን ንገሪኝ» በላት። ሌላ ምንም አትጨምር።

የሦስት_ልጆች_አባት

መምህር፣ እጅዎን ልሳም።

አልኳት። መጀመሪያ ዓይኗን አንከባለለች። ከዚያ አንድ ከኋላዋ የሚቀመጥ ልጅ አለ አለችኝ። ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጨዋታ ይጫወታል። ሲያሸንፍ ጠረጴዛውን ከታች በጉልበቱ ይመታል። እሷ ባሸነፈ ቁጥር የምትጽፈው መስመር ይጣመምባታል። «ሒሳብ ደብተሬ ላይ ስንቴ እንዳሸነፈ መቁጠር ትችላለህ» አለችና ደብተሩን አምጥታ አሳየችኝ። እውነቷን ነው! ሰባት ቦታ።

ይሄን ጻፈችው። አንድ ገጽ ሆነ። እናቷ አነበበችና ሳቀች፣ ከዚያ ለእኔ ዞራ «አንተስ?» አለችኝ። እኔስ ምን? «አንተም ጻፍ። ስትናደድ የከረምከው አንተ ነህ»።

ተቀመጥኩ። ስልክ መያዝ አለበት የሚለውን ያዝኩ፣ ለድንገተኛ ነገር ወላጅ ማግኘት አለበት ብዬ። የመጀመሪያው አንቀጽ ቆንጆ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ግን ደረቅኩ። ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ «በአጠቃላይ» ብዬ ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ።

ልጄ ከእናቷ ቀይ እስክሪብቶ ተቀብላ አረመችው። «ሁለተኛው አንቀጽ ምክንያት የለውም» ብላ ጻፈችበት።

ጠጣሩ

ቆይ ቆይ፣ ስንት ሰጠችህ?

የሦስት_ልጆች_አባት

295።